«ይላል» ያላልኩበት ጥሪ

ባሌ እንድሪስና እኔ አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የልብስ ማስጫ ሽቦ መወጠር ነበር። ከግቢያችን የወይራ ግንድ እስከ ኩሽናው ምሰሶ የተዘረጋው ሽቦ ረግቦ አንሶላው መሬት መንካት ከጀመረ ሰንብቷል። እሱ ምሰሶው ዘንድ ቆሞ በፒንሳ ሲያጠብቅ እኔ በዚህኛው ጫፍ እይዝለት ነበር።

«ሳቢው» አለኝ። ሳብኩት።

«አሁን ልቀቂ።» ለቀቅኩ።

ሽቦውን በጣቱ መታ አድርጎ አዳመጠው። ዕድሜውን ሙሉ የስልክ መስመር ሲጠግን የኖረ ሰው ስለሆነ ሽቦ ሁሉ ለእሱ የሚናገር ነገር ነበረው። «ብርድ ልብስም ይችላል» አለ። ከዚያ እጁን ታጥቦ ለዐስር ሶላት ገባ። በማግሥቱ ጧት አልተነሳም።

ከቀበርነው ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የእሱ ስልክ ጮኸ። ሞቱን ያልሰማ ወዳጅ ይደውል ይሆናል ብዬ ስልኩን ቻርጅ እያደረግኩ አስቀምጠው ነበር። ሳነሳው አንድ ለስላሳ ድምፅ ያለው ወጣት፣ «አባባ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ ዕጣ ወጥቶልዎታል» አለ።

«አባባ የሉም» አልኩት።

«እማማ ነዎት? ችግር የለም፣ ለእርስዎም ይሆናል። አሁን በስልኩ ላይ ቁጥር ይመጣልዎታል፤ እሱን ብቻ ያንብቡልኝ።»

«የማን ልጅ ነህ?»

«እ?»

«አባትህ ማን ይባላል? ሰላምታ እንኳ ሳትሰጠኝ ነው ቁጥር የምትጠይቀኝ።»

ዘጋው። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ ይህን ስነግራት፣ «እማዬ፣ ሌባ ሰላምታ ታስተምሪ ጀመር?» ብላ ሳቀች። እኔ ግን አልሳቅኩም። ልጁን አላውቀውም፤ ጥድፊያውን ግን አውቀዋለሁ። እሱ ከመወለዱ በፊት፣ በደርግ ጊዜ፣ እኔና እንድሪስ ሐይቅ ከተማ ስልክ ቤት ስንሠራ ሰምቼዋለሁ። ይህን መጻፍ የጀመርኩት በዚያው ቀን ነው። በቀን ግማሽ ገጽ ብገፋ ነው፤ አንዳንድ ቀን ሁለት መስመር ጽፌ እተወዋለሁ።

ስልከኛ ሆኜ የተቀጠርኩት ስምንተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ነው። ደሴ ለስድስት ወር ተለማመድኩ። እዚያ የነበሩት አለቃ የሚናገሩት ሁሉ በጩኸት ነበር፤ የመስመር ችግር የለመደው ጉሮሯቸው ከሰው ፊት ለፊትም ዝቅ አይልም። ከዚያ ውጫሌ አንድ ዓመት ቆየሁ። ጣሪያው ስለሚያፈስ ክረምቱን በስልክ ማዞሪያው ላይ ጃንጥላ ዘርግቼ እኔ እየበሰበስኩ ሠራሁ። ከዚያ ሐይቅ ተመደብኩ፤ ጡረታ እስክወጣ የቆየሁት እዚያው ነው። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ለቤታችን በቅቷል።

የሐይቁ ስልክ ቤት ከአስፋልቱ ዳር ያለች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበረች። በአንደኛው ክፍል ማዞሪያው አለ። በሌላኛው ለባለ ጉዳይ አንድ አግዳሚ ወንበርና ስልኩ የሚነሳባት ጠባብ የሣንቃ ሳጥን ነበሩ። በሁለቱ መካከል መስኮት ስላለ እኔ ከወንበሬ ሆኜ ሳጥኑ ውስጥ የገባውን ሰው ፊቱን አያለሁ። ማዞሪያው ቁም ሣጥን ያህላል፤ ፊቱ ላይ ትናንሽ የብረት ክዳኖች ተደርድረዋል። ጥሪ ሲመጣ አንዱ ክዳን ቀጭ ብሎ ይወድቃል። ገመዱን ከሥሩ ባለው ቀዳዳ እሰካና «ሐይቅ» እላለሁ። ሥራው ሲታይ ይኸው ነው።

ሥራውን በእውነት ያስተማሩኝ ጋሽ ተሰማ ናቸው። የቤቱ ኃላፊ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ የማይቀመጡ ሰው። ሁልጊዜ ጧት ከሥራ በፊት ነጭ ጋዝ በነካ ጨርቅ የገመዶቹን ጫፍ አንድ በአንድ ይወለውላሉ። «ሰው የሚሰማው በዚህ ነው» ይሉኛል። እርሳሳቸውን በሁለቱም በኩል ይቀርጹታል፤ አንዱ ጫፍ ቢሰበር ደዋዩ እንዳይጠብቅ ነው። ስም ሲጽፉ ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው ያነቡታል።

ከሁሉ አብልጠው ያስተማሩኝ ግን ማቀበልን ነው። በክረምት መስመሩ እንደሚቆላ ገብስ ይንጣጣል። ጆሮው የደከመ ሰው ሲሆን ደግሞ በደህናው ቀንም አይሰማም። ያን ጊዜ ስልከኛዋ መሀል ትገባለች፤ ከዚያ የሰማችውን እዚህ ላለው ጮክ ብላ ትናገራለች። እኔ መጀመሪያ ሰው ሁሉ እንደሚናገረው ነበር የማቀብለው፤ «ደህና ነኝ ይላል፣ ለበዓል እመጣለሁ ይላል፣ ጥጃዋን አትሽጧት ይላል» እያልኩ።

ጋሽ ተሰማ አንድ ቀን አስቆሙኝ። «ሉባባ፣ ጥሪው ሦስት ደቂቃ ነው። ግማሹን ‹ይላል› በላው። ተይው እሱን፤ ሰውዬውን ሁኝ» አሉኝ።

ሆንኩ። ከአሰብ የደወለ ባል ሆኜ ለሚስቱ «ናፍቀሽኛል» ብያለሁ፤ ሴትዮዋ በመስኮቱ እኔን እያየች በሻሿ ፊቷን ሸፈነች። ከሐረር የተጣላ ወንድም ሆኜ ታላቅ ወንድሙን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። በጊዜ ብዛት ሰው ስልኩን ጆሮው ላይ ቢያደርግም እኔን ነበር የሚሰማው።

እንድሪስ የመስመር ጠጋኝ ነበር። መስመር ባልተበጠሰበት ቀን ደግሞ የጥሪ ወረቀት ያደርሳል። ከሩቅ አገር አንድ ሰው ገጠር ያለ ዘመዱን ሲፈልግ እኔ ስሙን፣ ቀበሌውንና የነገውን ሰዓት በወረቀት እጽፋለሁ፤ እንድሪስ በእግሩ ወስዶ ያነብለታል፤ በማግሥቱ ተጠሪው መጥቶ ይጠብቃል። ወረቀቱን ተቀብሎኝ ከመውጣቱ በፊት ሁልጊዜ «ድምፁ እንዴት ነበር?» ይለኛል። እዚያ ሲደርስ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሞት ነው ወይስ ደህና የሚለውን ስለሆነ ነው። የምነግረውን ይዞ፣ «አብሽሩ፣ ድምፁ ደህና ነው» ይላቸዋል። በሁለተኛው ዓመት ተጋባን።

ከድርቁ በኋላ በሁለተኛው ክረምት መግቢያ ላይ ከደሴ ጥሪ መጣ። የተፈለጉት እማማ የሺ የሚባሉ፣ ከአምባሰል ወገን ሦስት ሰዓት መንገድ ሽቅብ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። አንድ ልጃቸው ጥላሁን በብሔራዊ ውትድርና ከሄደ ዓመት አልፎታል። ወረቀቱን ስጽፍ እንድሪስ እንደ ልማዱ ጠየቀኝ።

«ድምፁ እንዴት ነው?»

«ይቸኩላል።»

«መርዶ ነው?»

«መርዶ የያዘ ሰው ሰላምታ ያበዛል። ይሄ ምንም አላለኝም።»

«ወታደር ይሆናል። ወታደር ለሰላምታ ምን ጊዜ አለው» ብሎ ሄደ።

በማግሥቱ እማማ የሺ በሰዓቱ መጡ። ሳጥኑ ውስጥ አስገባኋቸው፤ ስልኩን ገልብጠው ያዙት፣ አስተካከልኩላቸው፣ አልሰማ አላቸው። «አንቺው ንገሪኝ ልጄ» አሉኝ። ወንበሬ ላይ ተመልሼ ማቀበል ጀመርኩ።

«ሃምሳ አለቃ ነኝ» አልኳቸው። «ጥላሁን እግሩን ቆስሎ እኔ በምሠራበት ሆስፒታል ተኝቷል።»

በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ። «ይድናል?»

«ይድናል። ሲድን ግን ወደ ግንባር ይመልሱታል። ለእናቱ ብቸኛ ጧሪ ነው የሚል ወረቀት ካገኘ ወደ ቤቱ ይሸኛል።»

«ማነው የሚጽፈው?»

«አለቃዬ። አለቃዬ እጅ መንሻ ይፈልጋል። በሬ አለሽ አይደል?»

እማማ የሺ ከድርቁ የተረፈ አንድ በሬ ነበራቸው፤ ቡሬ። ከጎረቤታቸው ከአያ ሰይድ አንድ በሬ ጋር በመቀናጆ ነበር የሚያርሱት። «አለኝ» አሉ።

«ቅዳሜ ከከብት ገበያው ዝቅ ብሎ አረንጓዴ ካፖርት የለበሰ ሰው ይቆማል። በሬውን ለእሱ አስረክቢ።»

ሰውዬው ቀጥሎ ያለውን ስሰማ ማቀበሌን አቆምኩ። ዞር ብዬ ጋሽ ተሰማን አየኋቸው፤ እርሳስ እየቀረጹ ነበር። «ቀጥይ እንጂ ሴትዮ፣ ደቂቃው ሊያልቅ ነው» አለኝ ደዋዩ በጆሮዬ። ቀጠልኩ።

«ለማንም አትንገሪ» አልኳቸው። «ከተሰማ ልጅሽ ይጎዳል።»

ሲወጡ በመስኮቱ እጄን ስበው ሳሙኝ። «እግዜር ያክብርሽ» አሉኝ።

የስልከኛ ሕግ ግልጽ ነው፤ በመስመር የሰማሽው ከመስመር አይወጣም። ስለዚህ ለእንድሪስም አልነገርኩትም። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አንድ ማዕድ ስንበላ በልቤ እያለ አልነገርኩትም። ምክንያቴ ሕጉ ነበር እላለሁ። እውነቱ ግን ጥርጣሬዬ ትክክል ቢሆን ያን ሁሉ የተናገርኩት እኔ መሆኔን ማወቅ አልፈለግኩም።

ቅዳሜ ከሰዓት እንድሪስ ከመስመር ሥራ ሲመለስ እማማ የሺን መንገድ ላይ አገኛቸው። በእጃቸው የበሬ ገመድ ብቻ ይዘዋል።

«ቡሬስ እማማ?»

«ለልጄ ሰጠሁት። ሰውዬው የራሱ ገመድ አለው፤ ይህን መለሰልኝ። ደግ ሰው ነው።»

ቤት ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ጠየቀኝ፤ ሁሉን ነገርኩት። ሰኞ ደሴ ወጥቶ የተባለውን ሆስፒታል ጠየቀ። ጥላሁን የሚባል ቁስለኛ የለም፤ እንዲያ ያለ ሃምሳ አለቃም የለም። ለአብዮት ጥበቃ ብናመለክትም ሰውዬውም በሬውም አልተገኙም። ለእማማ የሺ ለመናገር ሁለታችንም ወጣን። እንድሪስ ሊናገር ሲል እኔ ልናገር ብዬ ነገርኳቸው።

«ታዲያ እኔ ስልኩን መች ሰማሁት?» አሉ። «እኔ የሰማሁ አንቺን ነው።»

ያን ክረምት የእሳቸውም የአያ ሰይድም ማሳ በዶማ ተቆፈረ። ጋሽ ተሰማ፣ «አንቺ ያልሽው የተባለውን ነው፤ ጥፋት የለብሽም» አሉኝ። በማግሥቱ ጧት ግን ገመዶቹን ሳይወለውሉ ተቀመጡ። እንዲያ ሲያደርጉ አይቻቸው አላውቅም።

መስከረም ላይ ከአሥመራ መስመር ክዳን ወደቀ። «ሐይቅ» አልኩ።

«ጤና ይስጥልኝ እቴ፣ እንዴት ዋላችሁ? አገሩ እንዴት ነው? ዝናቡስ በጎ ነበር? አዝመራው ተነስቷል?» አለ አንድ ወጣት። ይህን ሁሉ ከጠየቀ በኋላ ነው ጥላሁን እባላለሁ ያለኝ። ነገ በአራት ሰዓት ተራ ይደርሰኛል፣ እናቴን ጥሩልኝ አለ። እንድሪስ ድምፁን ሲጠይቀኝ፣ «የአምባሰል ሰው ድምፅ ነው» አልኩት። ወረቀቱን ይዞ ሮጠ ማለት ይቻላል።

ማታ ብቻውን ተመለሰ። የተባባሉትን ነገረኝ።

«እማማ፣ ጥላሁን ደውሏል።»

«ያኔም ጥላሁን ነበር።»

«ወላሂ የአሁኑ እውነት ነው።»

«አንተ ሰማኸው?»

«ሉባባ ሰማችው።»

«ሌላ በሬ የለኝም በላት» ብለው እንዝርታቸውን አንስተው መፍተል ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ቀና ብለው አላዩትም።

በነጋታው በአራት ሰዓት ክዳኑ ወደቀ። «እናቴን አገናኚኝ እቴ» አለ ጥላሁን።

«አልመጡም።»

«ታማ ነው?»

«ደህና ናቸው። ስልክ አላምንም ብለው ነው።» ከዚያ የሆነውን በአጭሩ ነገርኩት።

«ቡሬን?» አለ።

«አዎ።»

«ሙሄ ነው በያት» አለ። «ሌላ ነገር አታብዢ። ሙሄ ብለሽ ብትልኪባት ትመጣለች። ተራ ሳገኝ እንደገና እደውላለሁ።»

«ሙሄ ማነው?»

«እኔ ነኛ።» መስመሩን ለሌላ ወሰዱት።

እንድሪስ ምሳውን ሳይበላ ተመልሶ ዳገቱን ወጣ። ቃሉን ሲነግራቸው እማማ የሺ ብድግ አሉ፤ እንዝርቱ ተንከባለለ። «ይህን ስም ማን ነገረህ?» አሉት። ታሪኩን በኋላ ነገሩኝ። ከጥላሁን በፊት ሁለት ልጅ ሞቶባቸዋል። ሦስተኛው ሲወለድ በአገራችን ልማድ ለጎረቤታቸው ለአያ ሰይድ በአንድ እፍኝ ጨው ሸጡት፤ ሞት የሌላ ቤት ልጅ መስሎት እንዲያልፈው። አያ ሰይድም የገዙትን ልጅ ሙሄ አሉት። ክርስትና ተነስቶ፣ ቀበሌ ተመዝግቦ፣ ዘምቶ ጥላሁን ሆነ። ሙሄ የሚለውን የሚያውቁት ሁለቱ ቤቶች ብቻ ነበሩ። የዘማቾች ዝርዝር በገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ ሲነበብ የሰማ ሌባ ጥላሁንን ያገኛል፤ ሙሄን አያገኝም።

እማማ የሺ በማግሥቱ ወረዱ። አግዳሚው ወንበር ላይ እንዝርታቸውን ይዘው ተቀመጡ። እኛ ቤት እያደሩ ዐሥር ቀን ጠበቁ።

በሰባተኛው ቀን ከደሴ አያ ይመር ለሚባሉ ሽማግሌ ጥሪ ተይዞ ነበር፤ የእሳቸውም ልጅ ዘማች ነው። ሳጥኑ ገብተው አቀብይልኝ አሉኝ። «ልጅህ ቆስሎ እኔ ዘንድ ተኝቷል በይው፣ ቶሎ በይ» አለ ድምፁ። ያው ሰው ነው።

«ጌታዬ፣ ልጃቸውን ቤት ውስጥ ምን ብለው ነው የሚጠሩት?» አልኩት።

«ከማል ነዋ። አንቺ ዝም ብለሽ አቀብይ።»

ወደ አያ ይመር ዞርኩ። «ልጅህ ቆስሎ እኔ ዘንድ ተኝቷል ይላል» አልኩ። «የቤት ስሙ ከማል ነው ይላል።»

ጋሽ ተሰማ ቀና አሉ።

«ከማል የሚለውማ ቀበሌው ነው» አሉ አያ ይመር። «ቤት ውስጥ የምንለውን ለሱ አልነግረውም። ምን ቤት ነው እሱ?»

እማማ የሺ ከወንበሩ ተነስተው ነበር። «እሱ ነው?» አሉኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ስልኩን ከአያ ይመር እጅ ወሰዱ፤ እንደማይሰሙ ያውቃሉ፣ ቢሆንም አፋቸውን አስጠግተው ተናገሩ።

«በሬዬን ምን ታበላዋለህ? ጭድ ብቻ አይሆነውም፤ አተላ ይወዳል። ማለዳ ማለዳ አተላ ስጠው።»

በጆሮዬ መስመሩ ተቋረጠ።

«ምን አለ?» አሉኝ።

«ዘጋው።»

«ዘጋው ይላል?»

አያ ይመር ሳቅ ጀመሩ፤ እኔም ሳቅኩ። ጋሽ ተሰማ አልሳቁም። እርሳሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው፣ «ከዛሬ ጀምሮ ‹ይላል› ይባል፤ ደቂቃው ቢያልቅም ይለቅ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ገጠር ያለ ሽማግሌ ወይም ባልቴት የሚፈልግን ደዋይ ሁሉ የቤት ስሙን እጠይቃለሁ። እንድሪስ ወረቀቱን ሲያደርስ ያን ስም በጆሯቸው ሹክ ይላቸዋል፤ ካወቁት ይመጣሉ፣ ካላወቁት ይተዋሉ። ስሙ በወረቀት አይጻፍም። እንድሪስ ስንቱን የቤት ስም በሆዱ ይዞ እንደተቀበረ አላውቅም፤ እኔው የነገርኩትን እንኳ መልሶ አያነሳብኝም ነበር።

ጥላሁን አልደወለም። እማማ የሺ በዐሥራ አንደኛው ቀን ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ ለገበያ ሲወርዱ ጎራ ይላሉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ዘመዶቻቸው ወይፈን አዋጥተው ሰጧቸው፤ መቀናጆውም ቀጠለ። በሬው በሌላ ተተካ። ያ የአራት ሰዓቱ ጥሪ ግን አንድ ነበር፤ አግዳሚው ወንበር ባዶ ሆኖ አለፈ። ሠራዊቱ ተበትኖ አብረውት የዘመቱ ሲመለሱ እሱ አልመጣም።

አልወቀሱኝም። አንድ የገበያ ቀን ብቻ መስኮቱ ላይ ክንዳቸውን አስደግፈው፣ «ድምፁ እንዴት ነበር?» አሉኝ።

«ሰላምታ አበዛ። ዝናቡን ጠየቀ፣ አዝመራውን ጠየቀ።»

«እሱ ነው። ኋላስ ምን አለ? እንደዚያ እንደ ድሮሽ አድርገሽ ንገሪኝ።»

የሚፈልጉት ገባኝ። ማዳመጫውን ከጆሮዬ አወረድኩ። «ሙሄ ነኝ» አልኳቸው። ሌላ ቃል አልጨመርኩም።

ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ከዚያ ዘንቢላቸውን አንስተው ወጡ።

ከዓመታት በኋላ ስልኩ በራሱ የሚገናኝ ሆነና ማዞሪያውን በጭነት መኪና ወሰዱት። ጋሽ ተሰማ ከዚያ በፊት ጡረታ ወጥተው ነበር። እኔ ቀሪውን ዘመን በመስኮት የክፍያ ወረቀት ስቀበል አሳለፍኩ፤ ስለዚያ የሚጻፍ ብዙ የለም። እማማ የሺ ሲያርፉ እኔና እንድሪስ ሄደን አልቅሰናል፤ ከአያ ሰይድ ቤት ሰዎች ጋር ነበር የተቀመጥነው።

አሁን በሰፈሩ የሚኖሩ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ሁሉ ስልክ አላቸው። ከተደወለላቸው በኋላ ግራ ሲገባቸው እኔ ዘንድ ይመጣሉ። አስቀምጣቸዋለሁ፣ የልጆቻቸውን ቁጥር ፈልጌ እኔው እደውላለሁ፣ የተባለው እውነት መሆኑን እጠይቃለሁ። ልጁ ካላነሳ አብረን እንጠብቃለን።